ንጉሥ ብቻውን ሲቀር



የተጋበዝኩት ስለ ቴአትር እንድናገር ነው። ከቴአትርም ስለ አንድ ነገር ብቻ እናገራለሁ፦ በትራጄዲ ውስጥ ሌላው ሁሉ ወጥቶ አንድ ሰው መድረኩ ላይ ብቻውን ሲቀርና ከራሱ ጋር ሲነጋገር ምን እንደሚገለጥልን። ሼክስፒርን እናነሳለን፣ ግሪኮችንም እናነሳለን። መነሻዬ ግን ከዚህ ከመተማ ዮሐንስ ከተማ ብዙም የማይርቅ የሰሊጥ ማሳ ነው።

አንድ ጥቅምት ዘመዴ እርሻ ላይ አድሬ ነበር። አጨዳው የደረሰበት ጊዜ ነው። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ጥቂት ካዘገዩት ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ከደጋ ከወረዱት የቀን ሠራተኞች መካከል አንድ ወጣት ነበር። ቀኑን ሙሉ መስመር እየመራ ሲያጭድ፣ ነዶ ሲያስር፣ ሂላ ሲያቆም ዋለ። በየመሐሉ ማጭዱን ወደ ላይ እያነሳ ይፎክራል፤ የአባቱን ስም ይጠራል፣ ከኋላው የቀሩትን ይነካካል። ጓደኞቹ ይስቃሉ፣ ይመልሱለታል፣ ሥራውም ይፈጥናል።

ማታ ሁሉም ወደየዳሱ ገብቶ ጋደም ሲል እኔ ሙቀቱ እንቅልፍ ነስቶኝ ወጣሁ። ያ ፎካሪ ከሂላው ጥግ ብቻውን ተቀምጦ ማጭዱን በድንጋይ ይስላል። ድንጋዩ ሲሄድ ያንጎራጉራል፣ ድንጋዩ ሲቆም ዝም ይላል። ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቃሉን ለመስማት ትንፋሼን መያዝ ነበረብኝ። ራሱን በስሙ ይጠራል፤ ቀን በሚጠሩበት ስም ሳይሆን እናቱ ታቆላምጠው በነበረው። «አንተ» እያለ ይወቅሰዋል። ለምን እንደ መጣ ይጠይቀዋል፣ የእናቱን በር ማታ ማን እንደሚዘጋ ይጠይቀዋል፣ ዕዳው ሲከፈል ምን እንደሚተርፈው ይጠይቀዋል። እግሬ ደረቅ አገዳ ላይ ሲያርፍ ቀና ብሎ አየኝ። ወዲያው ድምፁ ተለወጠ፤ «ጋሼ፣ እንቅልፍ እምቢ አለዎት?» አለኝ እየሳቀ። የቀኑ ሰው ተመልሶ መጣ።

ያን ሌሊት የሰማሁትን ነገር በቴአትር ትምህርት «ሶሊሎኪ» እንለዋለን። እኔ ዛሬ የብቻ ንግግር እለዋለሁ። አንዳንዶች መነባንብ ይሉታል፤ እኔ ግን ሁለቱን እለያቸዋለሁ። መነባንብ ለሰሚ የሚሰናዳ ነው፣ ተናጋሪው ሰዎች ፊት መቆሙን ያውቃል። የብቻ ንግግር ያለው ገጸ ባሕርይ ግን ሰው እንደሚሰማው አያውቅም። ሺህ ሰው አዳራሹን ሞልቶ ሳለ እሱ ባዶ ቤት ውስጥ ነው። ተመልካቹ ትንፋሹን ይዞ ከሂላው ጀርባ እንደ ቆመ ሰው ይሆናል።

እኛ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም፤ በዚህ አጥብቄ አምናለሁ። ብዙ ጊዜ የብቻ ንግግርን ከሼክስፒር ጋር ከውጭ የመጣ ዕቃ አድርገን እናስተምረዋለን። የአማርኛ ተናጋሪ ግን ሁለት የመናገሪያ በር ድሮም ነበረው፤ ፉከራ አለው፣ እንጉርጉሮም አለው። ፉከራ ሰሚ ከሌለ አይፎከርም። ፎካሪው ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደሚያደርግ ለወዳጅና ለጠላት ያስታውቃል። እንጉርጉሮ ግን ሰሚ ሲመጣ ይቋረጣል። ሴቶቻችን ገና ጎህ ሳይቀድ ወፍጮ ላይ ሲያንጎራጉሩ የድንጋዩ ጩኸት ቃላቸውን ይሸፍንላቸው ነበር። ባል ተኝቷል፣ አማት ተኝታለች፣ ልጅ በጀርባ ታዝሏል። ለማንም የማይነገረው እዚያ ይነገራል። በአገራችን ስለ ብቻ ንግግር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቢነሳ ከመድረክ አስቀድሞ ከወፍጮ ቤት እንዲጀምር እመክረዋለሁ።

እንግዲህ ትራጄዲ ምንድን ነው? በፉከራ የምናውቀውን ትልቅ ሰው ወስዶ ሲያንጎራጉር ያሰማናል። በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለው ክፍተት ነው ገጸ ባሕርዩን የሚያሳየን። ሰውየው ለሕዝብ የሚለውና ለራሱ የሚለው አንድ ከሆነ ልናዝንለት የሚገባ ታሪክ አይወጣም። ሲለያይ ግን፣ በልዩነቱ ውስጥ የተውኔቱ ጭብጥ ተቀምጦ እናገኘዋለን።

ሐምሌትን ውሰዱ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ከመለሳቸው የሼክስፒር ተውኔቶች አንዱ ነው፤ ኦቴሎንና ማክቤዝንም መልሷቸዋል። የዴንማርኩ ልዑል አባቱ ተገድሏል፣ አጎቱ ዙፋኑንም እናቱንም ወስዷል። በዓለም ላይ ከተነገሩት የብቻ ንግግሮች ሁሉ የታወቀው እሱ መኖር ይሻላል ወይስ መሞት ብሎ የሚያሰላስልበት ነው። ብዙ ሰው በዚህ ንግግር ውስጥ ልዑሉ የራሱን ምስጢር ይዘረግፋል ብሎ ያስባል። እንግሊዝኛውን ጎንበስ ብላችሁ ብትፈትሹት ግን የሚገርም ነገር ታገኛላችሁ። በዚያ ሁሉ ማሰላሰል ውስጥ «እኔ» የሚል ቃል የለም። «እኛ» ነው የሚለው። አባቴ አይልም፣ አጎቴ አይልም፣ እናቴም አይልም። ብቻውን ሆኖም ከራሱ ይሸሻል። የራሱን ቁስል የሰው ልጅ ሁሉ ቁስል አድርጎ ሲናገር የገዛ ጉዳዩን ላለመንካት መሆኑ ይገባናል። የሐምሌት ባሕርይ ይህ ነው፤ ማሰብ ለእሱ ከማድረግ የሚሸሸግበት ቤት ነው።

እዚህ ላይ ለተርጓሚዎች ያለኝን አክብሮት ልናገር። በእንግሊዝኛ ባለቤቱን መደበቅ ቀላል ነው። በአማርኛ ግን ግሱ ራሱ ባለቤቱን ተሸክሞ ይሄዳል። «እሞታለሁ» ካልኩ «እኔ» ማለቴ ተጋለጠ። መደበቂያ የሚሆነን አርእስቱ ብቻ ነው፤ «መሞት»፣ «መተኛት»፣ «ማለም»። ሐምሌትን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው በእያንዳንዱ ግስ ላይ ይህ ልዑል አሁን ይታይ ወይስ ይሸሸግ ብሎ መወሰን አለበት። ይህን ማስተዋል ለተማሪዎቼ ከማንኛውም ንድፈ ሐሳብ ይልቅ ጠቅሟቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ሐምሌት ያን ንግግር ሲናገር ንጉሡና አማካሪው ተደብቀው እያዳመጡ ናቸው። ብቻዬን ነኝ ያለው ሰው ብቻውን አይደለም። ቤተ መንግሥቱ በሙሉ ጆሮ የሆነበት አገር ነው። ከዚህ የተነሳ ስለ አገሩ መበስበስ ማንም ሳይሰብከን መድረኩ ራሱ ነገረን።

ከሐምሌት ግን እኔ አብልጬ የምወደው የነፍሰ ገዳዩን የአጎቱን ንግግር ነው። ክላውዲየስ በአደባባይ ግርማ ያለው፣ አነጋገሩ የተዋጣለት ንጉሥ ነው። ከተውኔቱ አጋማሽ በኋላ ብቻውን ይቀርና ለመጸለይ ይሞክራል። ወንድሙን መግደሉን ለራሱ ያምናል። ይቅርታ መጠየቅ ይፈልጋል፤ ነገር ግን የገደለበትን ነገር፣ ዘውዱንና ንግሥቲቱን፣ እጁ ላይ ይዞ ነው የሚጠይቀው። ሌባ የሰረቀውን በግ አስሮ ንስሐ እንደሚገባ ማለት ነው፤ ያውቀዋልም። ተንበርክኮ ሳለ ሐምሌት ሰይፍ ይዞ ከኋላው ይመጣል። ሲጸልይ ብገድለው ነፍሱን ወደ ገነት እልካታለሁ ብሎ ይተወዋል። ሐምሌት ከወጣ በኋላ ንጉሡ ይነሳል፤ ጸሎቱ ከአፉ እንጂ ከልቡ እንዳልወጣ ይናገራል። ሐምሌት ያየው የተንበረከከ ጀርባ ነው፣ እኛ የሰማነው ግን ውስጡን ነው። እነዚህን ሁለት የብቻ ንግግሮች በአንድ ትዕይንት ላይ ማጋጠም ምን ያህል ጥበብ እንደሚጠይቅ አስቡት። የቀረው ሰቆቃ ሁሉ፣ የስንቱ ሞት፣ ከዚያች አንዲት ስሕተት በኋላ የመጣ ነው።

ብቻውን የሚናገር ሰው ሁልጊዜ እውነቱን ይናገራል ማለት ግን አይደለም። ኦቴሎ ውስጥ ከሁሉ አብልጦ ለብቻው የሚያወራው ጀግናው ሳይሆን ተንኮለኛው ኢያጎ ነው። ኦቴሎን የሚጠላበትን ምክንያት ይነግረናል፤ ለሰው ሲያወራ ሹመት ነፈገኝ ይላል፣ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ሚስቴን ነክቷል የሚል ወሬ አለ ይላል፤ ስለ ወሬው እርግጠኛ እንዳልሆነም ሳይደብቅ ይነግረናል። እየሰማነው ምክንያቱ ሲለዋወጥ ጥላቻው ከምክንያቱ በፊት እንደ ነበረ እንረዳለን። ከዚህም የከፋው ነገር ኢያጎ እኛን ምስጢረኛው ማድረጉ ነው። ኦቴሎን የሚያታልልበት መሐረብ እንዴት እንደ ተገኘ እናውቃለን፣ ኦቴሎ አያውቅም፣ ወንበራችን ላይ ተቀምጠን ዝም እንላለን።

አሁን ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ አገር ወደ ቋራ የሚወስደንን መንገድ በግሪክ በኩል ልያዝ።

በጥንታዊ ግሪክ ትራጄዲ ውስጥ ሰው ብቻውን መድረክ ላይ መቅረቱ ብርቅ ነበር። ኮረስ የሚባለው የዘማሪዎች ቡድን አንዴ ከገባ አብዛኛውን ጊዜ እስከ መጨረሻው አይወጣም። ሰፎክለስ ግን «አያክስ» በተባለው ተውኔቱ ዘማሪዎቹን ከመድረክ አስወጥቶ ጀግናውን ብቻውን አስቀረው። አያክስ ታላቅ ተዋጊ ነው፤ ተዋርዷል፣ ከውርደቱ ጋር መኖር አልፈለገም። የሰይፉን እጀታ መሬት ውስጥ ተክሎ ስለቱን ወደ ላይ አቆመው። ፀሐይን ይሰናበታል፣ ሞትን ይጠራል፣ የተወለደበትን አገር በስሙ ይጠራል፣ ከዚያም ይወድቅበታል። ሰይፉ የማን ነበር? ጠላቱ ሄክቶር በስጦታ የሰጠው።

የመቅደላን ታሪክ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ መደንገጥ አለበት። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ማግስት፣ ሕይወታቸውን ያሳለፉበት ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ በቆንስል ካሜሮን እጅ የላኩላቸው ስጦታ ነበር። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ተራርቀው፣ አንዱ በግሪክ መድረክ ላይ ሌላው በወሎ አምባ ላይ፣ ሁለት ጀግኖች በወዳጅነት ስም በተሰጣቸው የባላጋራ መሣሪያ ሞቱ። ሰፎክለስ ይህን የጻፈው የስጦታን ትርጉም ሊጠይቅበት ነው። እኛ ግን የመቅደላን መጨረሻ መድረክ ላይ ስናወጣ ዓይናችን ብዙውን ጊዜ ጥይቱ ላይ ይቀራል። ሽጉጡን እጁ ላይ ይዞ የሚያገላብጥበት፣ ከየት እንደ መጣለት የሚያስታውስበት፣ አንድም ሰው የሌለበት ደቂቃ ግን ጥይቱን ሁሉ የሚያስረሳ ነው።

ስለ አጠራሬ ይቅርታ ልጠይቅ። ስለ ታሪኩ ሳወራ አንቱ እላቸዋለሁ፣ ስለ ተውኔቱ ሰው ሳወራ ግን አንተ ልለው ነው። ይህን የማደርገው በድፍረት አይደለም፤ የዛሬው ጉዳዬ ይኸው ራሱ ነው። በአማርኛ አንድ ንጉሥ ስንት መጠሪያ እንዳለው ቁጠሩ። ሌላው ሰው «ጃንሆይ» ይለዋል፣ አንቱ ይለዋል። በንጉሥ ወግ «እኛ» ሊል ይችላል። በፉከራ በፈረሱ ስም አባ ታጠቅ ነው። በዘውድ ስሙ ቴዎድሮስ ነው። እናቱ ያወጣችለት ደግሞ ካሳ ነው። ታዲያ ድንኳኑ ባዶ ሲሆን ራሱን በየትኛው ይጠራዋል? አንድ የተውኔት ጸሐፊ ይህን ካልወሰነ የብቻ ንግግሩን መጻፍ አይችልም። በአባ ታጠቅ ከጀመረና በካሳ ከጨረሰ አንድ ሰው ከፈረሱ ወርዶ እናቱ ደጃፍ እንደ ደረሰ ነው። «እኛ» ብሎ ጀምሮ «እኔ» ካለ፣ «እኔ» ብሎም «አንተ» ወደሚለው ከወረደ፣ መንግሥት ሲፈርስ በሰዋስው ሰማነው። ይህን ሁሉ ዕድል እንግሊዝኛ አይሰጥም። ሼክስፒር አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ በዚህ ስንት ነገር ይሠራበት ነበር!

ካሳ ኃይሉ የዚህ የእናንተ ቆላ ልጅ ነው። ቋራ ነው አገሩ። ገና ሳይነግሥ፣ በ1840 ዓ.ም.፣ ከዚህ ወሰን አልፎ ሱዳን ምድር ደባርቂ ላይ ከግብፆች ጋር ገጥሞ በመድፍ ተመትቶ ተመለሰ። ያ ሽንፈት ውስጡ እንደ ቀረ ለማወቅ ጋፋት ላይ ያሠራውን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ ማየት ይበቃል። እናቱ ኮሶ ትሸጥ ነበር እየተባለ ይሰደብ እንደ ነበርም በአፍ ሲነገር ኖሯል። በአደባባይ ለስድቡ የሰጠው መልስ ፉከራና ጦርነት ነው። ለብቻው የሰጠውን መልስ ማንም አልሰማም። ባለ ተውኔቱ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ» የሚል ተውኔት ጻፈ፤ ጸጋዬ በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ በኋላም በአማርኛ ጻፈ። ልብ ወለድ ጸሐፊዎቹም፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ»፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ ወደዚሁ ሰው መጡ። ለምን ሁሉም ወደ እሱ ይመጣሉ? ጀግና ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም፤ ጀግና ሞልቶናል። ሰሚ ያጣ ንጉሥ ስለሆነ ነው። የሕይወቱን መንገድ ተመልከቱ። እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. አረፈች። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ወዳጁ ፕላውደን ሞተ። ብዙም ሳይቆይ ጆን ቤል፣ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ብሎ የሾመው፣ ለእሱ ሲዋጋ ወደቀ። ሊቀ መኳስ ማለት በጦር ሜዳ የንጉሡን ልብስ ለብሶ ንጉሡን የሚመስል፣ የጠላትን ዓይን የሚያሳስት ሰው ነው። የገዛ አምሳያው ሞተበት ማለት ነው። ሐምሌት ሆሬሺዮ ነበረው፤ ስለዚህም የሚሞተው በወዳጁ እጅ ላይ ታሪኬን ንገርልኝ እያለ ነው። ቴዎድሮስ ግን በሐቅ የሚነግራቸው ሁሉ ቀድመውት ሄዱ። የሚሰማ ጆሮ ሲጠፋ ቃል ወደ ውስጥ ይዞራል። ይህ በእውነተኛው ሰው ሕይወት ውስጥ ጭካኔን አመጣ ይላሉ የታሪክ ሰዎች፤ በተውኔቱ ሰው ውስጥ ደግሞ የብቻ ንግግርን ያመጣል። ሁለቱ አንድ ሥር አላቸው።

እንደ እውነቱ ከሆነ ታሪክ ራሱ አንድ የብቻ ንግግር የሚመስል ነገር ትቶልናል። መቅደላ ሥር ከእንግሊዞች ጋር ከተደረገው ከእሮጌ ጦርነት በኋላ፣ በትንሣኤ ዋዜማ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ለጄኔራል ናፒየር ደብዳቤ አጻፉ። በወጉ ለእንግሊዙ ጦር አዛዥ የተላከ ነው። ስታነቡት ግን አድራሻው ይጠፋባችኋል። ንግግሩ ወደ ገዛ ሕዝባቸው ይዞራል፣ ይወቅሳል፤ ወደ ፈጣሪ ይዞራል፤ ያሰቡት እንዳልሆነላቸው ለራሳቸው ይነግራሉ። ጸሐፊው ከጎን ተቀምጦ ቃሉን ይቀበላል፣ ተናጋሪው ግን ጸሐፊውን የረሳ ይመስላል። ትራጄዲ ለመጻፍ የምትፈልጉ ወጣቶች፣ ደብዳቤው በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛልና ፈልጋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ማንን እያናገሩ እንደሆነ በየመስመሩ ምልክት አድርጉበት። ከኔ ዲስኩር ይልቅ እሱ ያስተምራችኋል።

ስለ ጸጋዬ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ረጅም ንግግር አያሻም፤ ብዙዎቻችሁ ከልጅነታችሁ ጀምሮ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠቁም። አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ዓ.ም. በፋሺስቶች ሲገደሉ በአደባባይ የሰጡት ቃል የግዝት ቃል ነው፣ የማይናወጥ ነው። ጸጋዬ ግን በዚያች ሰዓት የሚያሰማን ሌላ ድምፅ ነው። ጳጳሱ እመ ብርሃንን ልጅ እናቱን በሚወቅስበት አንደበት ያናግራታል፤ ከብት ወደሚጠብቅበት ልጅነቱ ይመለሳል። ጸሎት ነው ወይስ እንጉርጉሮ? ሁለቱም ነው። በአደባባይ ያላነባው ሰው በውስጡ እንዳነባ ስለሰማን የአደባባዩ ጽናት ዋጋው እጥፍ ሆነ።

አሁን በግልጽ የምናገረው ነገር አለኝ። የብቻ ንግግርን መድረኮቻችን ላይ እየገደልነው ነው። ተዋናዩ ብቻውን እንደ ቀረ ደረቱን ይነፋል፣ ወደ መድረኩ ጠርዝ ይመጣል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለኋለኛው ወንበር ይለቅቀዋል። አዳራሹ ያጨበጭባል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ እሱም ለጭብጨባው ይቆማል። እንጉርጉሮው ፉከራ ሆነ! ሰውየው በአደባባይ ያለውን ብቻውን ሲሆን ከደገመው ምን አወቅን? ይህን የማውቀው ከሌላ ሰው አይቼ ብቻ አይደለም። በወጣትነቴ ራሴ ቴዎድሮስን ስጫወት እንዲሁ አደረግሁ፣ አዳራሹም ተንጫጫልኝ። ቤቴ ስገባ ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ሰው እንዳልነካሁት የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ ያ ወጣት ማጭዱን ሲስል ያየሁ ሌሊት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ከፊቴ ላላችሁ የድራማ ክበብ ልጆች የምለው ይህ ነው። ብቻችሁን ስትቀሩ እጃችሁ ሥራ ይኑረው። ስለት ይሳል፣ ገመድ ይፍታ፣ መቁጠሪያ ይቁጠር። ሌዲ ማክቤዝ በእንቅልፍ ልቧ ተነስታ እየሄደች ደም የሌለበትን እጇን ታጥባለች፤ ሼክስፒር ያን ሁሉ ጸጸት እጇ ላይ አሳደረው። ሐኪሙና ደንገጡሯ ቆመው ያዳምጧታል፣ እሷ ግን አታውቅም። ቃሉን ለእጃችሁ ንገሩት፣ ተመልካቹ ጎንበስ ብሎ ይስማችሁ። ጭብጨባ ከመጣ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ትክክለኛው ምላሽ ዝምታ ነው፤ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ሁሉም የሚቆጣበት ዓይነት ዝምታ።

ልጨርስ ነው፤ ግን ከዚህ ከተማ ስም ሳልደርስ ብወርድ ይቆጨኛል።

መተማ ዮሐንስ ስትሉ በየቀኑ የአንድ ንጉሥን ስም ትጠራላችሁ። ዐፄ ዮሐንስ እዚህ የወደቁት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ነው። የሱዳን ደርቡሾች አዛዥ የዘኪ ቱማል ጦር በእሾህ ዘሪባ ውስጥ መሽጎ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር ዘሪባውን ጥሶ ድሉ ሊጨበጥ ሲል ጥይት ንጉሠ ነገሥቱን አገኛቸው። በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ራስ መንገሻ ልጃቸው መሆኑን ለመኳንንቱ አስታወቁ። ጦሩ ተፈታ፣ ራሳቸውም ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። የሞት አልጋው ቃል ለሰሚ የተነገረ ነው፤ ኑዛዜ ነው፣ የመንግሥት ጉዳይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት ያለው ሌሊት ነው።

ንጉሡ በዚያ ሌሊት ምን ተሸክመው እንደ ነበር አስቡ። ጣሊያን ምጽዋን ይዟል። እስከ ሰሐጢ ወርደው ሳይዋጉ ተመልሰዋል። በ1880 ዓ.ም. ጥር ላይ ደርቡሽ ጎንደርን አቃጥሏል፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ነደዋል። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ ሞቷል። የሸዋው ምኒልክና የጎጃሙ ተክለ ሃይማኖት ልባቸው ሸፍቷል፤ ጎጃምንም በቁጣ ቀጥተው መጥተዋል፣ የገዛ አገራቸውን። ለደርቡሾች የሰላም ደብዳቤ ልከው ነበር፣ አልተቀበሏቸውም። ሦስት ጠላት፣ አንድ ጦር። ከሦስቱ ይህን አቅጣጫ መረጡ።

ለምን? የታሪክ ሰው ምክንያቱን በቅደም ተከተል ይነግራችኋል። ባለ ተውኔቱ ግን ንጉሡ ለራሱ ምን እንዳለው መስማት ይፈልጋል። ለሃይማኖቴ አለ? ለጎንደር ደም? ወይስ ልጁን የቀበረ አባት የሚሄድበትን ሳይመርጥ ወደ ፊት ብቻ ይሄድ ነበር? ከእናንተ መካከል አንዱ ይህን ሌሊት እንዲጽፈው እፈልጋለሁ። ከአዲስ አበባ መጥቶ የሚጽፍላችሁ አትጠብቁ። የመጋቢትን ሙቀት፣ ንፋሱ ሲነሳ የሚያመጣውን የተቃጠለ ሣር ሽታ፣ ከማዶ የሚሰማውን የአህያ ድምፅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

እኔ ብጽፈው እንዲህ እጀምራለሁ። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ኩራዝ። መኳንንቱ ተሰናብተው ሲወጡ አንድ በአንድ እጅ ይነሣሉ፤ «ጃንሆይ» ይላሉ፣ ይወጣሉ። የመጨረሻው አሽከር ምንጣፉን አስተካክሎ ይወጣል። ንጉሡ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ይቆማል፣ ዘሪባው ወዳለበት። በቀኙ በሩቅ ምጽዋ ናት። በግራው በሩቅ ሸዋ ነው። ከጀርባው የጎንደር አመድ። ዘውዱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና በጣቱ አቧራውን መጥረግ ይጀምራል። ረጅም ጊዜ ይጠርጋል፤ ተዋናዩ አይቸኩል። እሱም ከመንገሡ በፊት፣ በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ ከመባሉ በፊት፣ ስሙ ካሳ ነበር፤ ካሳ ምርጫ። የቋራው ሰውዬ ስም ነው፣ የመቅደላው። ከውጭ አንድ ፈረስ ያንኮራፋል፣ ጣቱ ይቆማል። አባ በዝብዝ አይልም። እኛ አይልም። ድምፁ ከፊተኛው ወንበር አልፎ መሄድ የለበትም።

«ካሳ» ይላል። ከዚያም መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ይላል።